ቀጥ ብሎ የሚነሳ አውሮፕላን ለምን እንዲህ አስቸገረ?

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው መሐንዲሶችን ከ70 ዓመት በላይ ሲያታግል ስለኖረ አንድ ምኞት ነው። እንደ ሄሊኮፕተር ካለበት ቀጥ ብሎ ይነሳ፤ ከተነሳ በኋላ እንደ አውሮፕላን በክንፉ ይብረር። መንደርደሪያ አይፈልግ፤ ሩቅ ይሂድ፤ ፈጥኖም ይድረስ። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። ሄሊኮፕተር አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ሁለቱን ማዋሃድ ነው በቃ። ነገር ግን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከተሞከሩት ብዙ ዲዛይኖች ውስጥ አብዛኞቹ ከሙከራ አላለፉም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እነዚህ ማሽኖች ግን ሁለቱንም ዛፍ መውጣት አለባቸው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ መነሳቱ ተችሏል፣ መብረሩም ተችሏል፤ ያስቸገረው መሃሉ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ፣ ደግሞም ለአንዱ ሲባል የተጫነው ነገር ለሌላው ሸክም መሆኑ።

በቅድሚያ፣ ሄሊኮፕተሩን ራሱን ማፍጠን አይቻልም ወይ? እስከ ተወሰነ ድረስ ይቻላል። ሄሊኮፕተር አናት ላይ የሚሽከረከረውን ሮተር አስቡት። ረጃጅሞቹን ቀጫጭን ክንፎች ብሌድ እንበላቸው። የብሌዱ ጫፍ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሽከረከራል። ሄሊኮፕተሩ በ300 ወደ ፊት ሲበር፣ በአንዱ ጎን ወደ ፊት የሚሄደው ብሌድ ሁለቱ ፍጥነቶች ይደመሩለታል፤ አየሩን በ1,100 ይመታል። በሌላው ጎን ወደ ኋላ የሚመለሰው ብሌድ ግን ይቀነስበታል፤ 500 ብቻ ያገኛል። በ400 ስትበሩ ልዩነቱ 1,200 እና 400 ይሆናል። 1,200 ማለት የድምፅን ፍጥነት ሊነካ ጥቂት የቀረው ነው። አንደኛው ጎን አየሩ በድንገት ሲታመቅ በሚፈጠር የድንጋጤ ሞገድ ይናወጣል፣ ሌላኛው ደግሞ ሄሊኮፕተሩን ደግፎ የሚይዝበት አየር ያጥረዋል።

ስለዚህ ተራ ሄሊኮፕተር 400 አካባቢ ላይ ግድግዳው ይገጥመዋል። በ1986 የእንግሊዙ ዌስትላንድ ሊንክስ በሰዓት 400.87 ኪሎ ሜትር በርሮ ክብረ ወሰን ያዘ። ያ ሄሊኮፕተር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ያሉት ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት።

ሌላው ምክንያት ነዳጅ ነው። አየር ላይ ቆሞ ለመቆየት ማሽኑ የክብደቱን ያህል ግፊት ያለማቋረጥ ማመንጨት አለበት። አሥር ቶን ከሆነ አሥር ቶን። ደህና ክንፍ ያለው አውሮፕላን ግን ወደ ፊት እየሄደ ክብደቱን ክንፉ ላይ ያሳርፋል፤ ከሞተሩ የሚፈልገው የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ግፊት ቢሆን ነው። ይህን ልዩነት ያየ መሐንዲስ ክንፍ ቢመኝ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ግን ፊዚክስ ፊቱን ያዞራል። አየር ላይ ለመቆም ትልቅ ሮተር ያስፈልጋል። ብዙ አየር ቀስ አድርጎ ወደ ታች መግፋት፣ ጥቂት አየር በኃይል ከመግፋት በጣም ይረክሳል። የሮተሩን ስፋት ዳር እስከ ዳር በእጥፍ ብታሳድጉት፣ ያንኑ ክብደት ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። በፍጥነት ወደ ፊት ለመብረር ደግሞ የሚሻለው ትንሽ፣ ፈጣንና በደንብ የተጠመዘዘ ፕሮፔለር ነው። ትልቅ ብታደርጉት በረራው ላይ ይከብዳችኋል፤ ትንሽ ብታደርጉት ሲነሳ ጉልበት ይበላችኋል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ዲዛይን ሁሉ ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት የተሞከረ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ አውሮፕላኑን በጭራው ማቆም ነበር። የአሜሪካው ኮንቬር ኩባንያ ፖጎ የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን አፍንጫው ሰማይ እያየ እንዲነሳ አድርጎ ሠራው። ኅዳር 2 ቀን 1954 አብራሪው ጄምስ ኮልማን ቀጥ ብሎ ተነሳ፤ ወደ አግድም በረራ ዞረ፤ ተመልሶም ቀጥ ብሎ አረፈ። ትልቅ ድል ነበር። ማረፉን ግን አስቡት። አብራሪው በጀርባው ተንጋልሎ፣ ትከሻውን አዙሮ መሬቱን ከኋላው እያየ ነው የሚወርደው። በምን ያህል ፍጥነት እየወረደ እንደሆነ በዓይኑ መገመት እጅግ ያስቸግራል። ከተዋጣለት የሙከራ አብራሪ በቀር የሚችለው አልተገኘም፤ ፕሮጀክቱም ቆመ።

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱንም ጭኖ መሄድ ነው። አናት ላይ ሮተር፣ ጎንና ጎን ክንፍና ፕሮፔለር። የዚህ ዓይነቱ ምርጥ ማሽን የእንግሊዙ ፌይሪ ሮቶዳይን ይመስለኛል። ኅዳር 6 ቀን 1957 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። 40 ያህል መንገደኛ ከከተማ መሃል አንስቶ ሌላ ከተማ መሃል እንዲያወርድ የታሰበ ነበር።

አሠራሩ በእውነት ያምራል። በሮተሩ ብሌዶች ውስጥ የታመቀ አየር እስከ ጫፍ ድረስ ይላካል። ጫፉ ላይ ነዳጅ ይጨመርበትና ይቃጠላል። ጫፎቹ እንደ ትናንሽ ጄት ሆነው ሮተሩን ያሽከረክሩታል። ሮተሩን ከሰውነቱ ውስጥ የሚያዞረው ሞተር ስለሌለ ማሽኑ በራሱ ላይ ልዙር አይልም፤ ስለዚህ የጭራ ሮተር አያስፈልገውም። ተነስቶ ፍጥነት ሲይዝ የጫፎቹ እሳት ይጠፋል። ከዚያ ክንፉ ላይ ያሉት ሁለት ፕሮፔለሮች ወደ ፊት ይጎትቱታል፤ ሮተሩም በነፋሱ ብቻ በነጻ ይሽከረከራል። በጥር 1959 በ100 ኪሎ ሜትር ዙር ላይ በሰዓት 307 ኪሎ ሜትር በርሮ በምድቡ ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ግን ሲነሳና ሲያርፍ የሚያሰማው ጩኸት ከባድ ነበር። ከተማ መሃል እንዲያርፍ የተፈለገን ማሽን ከተማው እንዳይወደው የሚያደርግ ጩኸት። ድምፁን ለመቀነስ ብዙ ተሠርቷል፤ ገንዘቡ ግን ቀደመ። በየካቲት 1962 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። የተሠራው አንድ ብቻ ነው። በሶቪየት ኅብረትም ካሞቭ ካ-22 የተባለ ግዙፍ ማሽን በ1961 በሰዓት 356 ኪሎ ሜትር በርሮ ነበር፤ እሱም ወደ ብዛት ምርት አልገባም።

ሮቶዳይን መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሆኖም ጩኸቱ ባይኖር እንኳ ትልቁን ሮተር በፈጣን በረራ ላይ ሁሉ አናቱ ላይ ይዞ መዞር ነበረበት። ሲነሳ ያገለገለው ነገር ሲበር አየር ይገታበታል። በዚያ መንገድ ከሄዱት የቅርብ ጊዜዎቹ የተሻለው የአውሮፓው ኤክስ-3 ነው። አጫጭር ክንፎችና ሁለት ፕሮፔለሮች አሉት። በ2013 በሰዓት 472 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ለሄሊኮፕተር ዘመድ ይህ ድንቅ ነው፤ ለአውሮፕላን ግን ገና ነው።

ሦስተኛው መንገድ ክንፉን ከነሞተሩ ማንሳት ነው። የአሜሪካው ኤክስሲ-142 በ1964፣ የካናዳው ሲኤል-84 ደግሞ በ1965 በዚህ ዘዴ በረሩ። ክንፉ ሲቆም ከፕሮፔለሩ የሚወርደው ነፋስ በክንፉ ዳርና ዳር ስለሚያልፍ አይገታም። ነገር ግን አየር ላይ ቆመው ሳሉ ያ የቆመ ክንፍ የጎንና የፊት ነፋስን ሁሉ እንደ ሸራ ይቀበላል። አብራሪው መከራውን ያያል።

አራተኛው መንገድ ነው ዘልቆ የሄደው። ክንፉ እንዳለ ይቆያል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ሮተሮች ብቻ ይዞራሉ። ወደ ላይ ሲያዩ የሄሊኮፕተር ሮተር፣ ወደ ፊት ሲያዩ ፕሮፔለር። ቲልትሮተር ይባላል። ብልሃቱ ያንኑ አንድ ዕቃ ለሁለቱም ሥራ መጠቀሙ ነው። እዚህ ተቀምጦ የሚጠብቅ ትርፍ ሮተር የለም።

የቤል ኩባንያ ኤክስቪ-3 በነሐሴ 1955 ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት ተከስክሶ አብራሪው ክፉኛ ተጎዳ። ዲዛይኑ ተሻሽሎ ታኅሣሥ 18 ቀን 1958 ከሄሊኮፕተር ወደ አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ ተሻገረ። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ቲልትሮተር እሱ ነው። ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ሰውነቱ ውስጥ ተቀምጦ በዘንግ አማካይነት ሁለቱን ሮተሮች ያዞር ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጠላት በዓይን የማይታይ ነበር። ክንፍ ጫፍ ላይ ከባድና ትልቅ የሚሽከረከር ነገር ስታስቀምጡ፣ ፍጥነት ሲጨምር መሽከርከሪያው በራሱ ዙሪያ መንገዳገድ ይጀምራል። ክንፉ ትንሽ ይጣመማል። ክንፉ ሲጣመም ሮተሩ የባሰ ይንገዳገዳል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ በጥቂት ሴኮንድ ክንፉን ሊገነጥለው ይችላል። ይህ ነገር በ1959 እና በ1960 ሎክሂድ ኤሌክትራ የተባሉትን ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ክንፍ አየር ላይ ገንጥሎ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ኤክስቪ-3 ራሱ በ1966 በናሳ ትልቅ የነፋስ ዋሻ ውስጥ፣ ማለትም ነፋስ እየተነፋ አውሮፕላን በሚሞከርበት አዳራሽ፣ ሲፈተን የቀኝ ክንፉ ጫፍ ደጋግሞ ከመጣመም በሚመጣ የብረት ድካም ተሰበረ፤ በተፈጠረው ንቅናቄ ሁለቱም ሮተሮች ከነመያዣቸው ተገነጠሉ። ሰው አልነበረበትም። መሐንዲሶቹ ግን የሚፈልጉትን ትምህርት አገኙ።

የቲልትሮተር ክንፍ አጭርና ወፍራም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጭን ክንፍ ለፍጥነት ይሻላል፤ ይህ ክንፍ ግን ከምንም በላይ ግትር መሆን አለበት። በናሳ፣ በአሜሪካ ጦርና በቤል ትብብር የተሠራው ኤክስቪ-15 በግንቦት 1977 በረረ፤ በሐምሌ 1979 ሙሉ ሽግግር አደረገ። ሁለት ብቻ ተሠሩ። ዛሬ ላሉት ቲልትሮተሮች ሁሉ አባት እሱ ነው።

ያኔ ነው የሚያስፈልግበት ምክንያት በድንገት የመጣው። በሚያዝያ 1980 የአሜሪካ ጦር በኢራን የታገቱ ዜጎቹን ለማስለቀቅ ሄሊኮፕተሮችን በረሃ ላይ ላከ። አንዳንዶቹ ተበላሹ፤ ተልዕኮው ተቋረጠ፤ ሲመለሱም አንድ ሄሊኮፕተር ከማጓጓዣ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ። ርቆ የሚሄድ፣ ፈጣንና ቀጥ ብሎ የሚያርፍ ማሽን ፍለጋው ከዚህ በኋላ በረታ። ቪ-22 ኦስፕሬይ ተወለደ። መጋቢት 19 ቀን 1989 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ።

ኦስፕሬይን ጠጋ ብለን እንየው፤ አጣብቂኙ ሁሉ ሰውነቱ ላይ ተጽፏል። እያንዳንዱ ሮተር ዳር እስከ ዳር 11.6 ሜትር ነው። ለፕሮፔለር ግዙፍ፣ ለሄሊኮፕተር ትንሽ። ቀጥ ብሎ ሲነሳ የሮተሮቹ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 113 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ሙሉ ጭነት ይዞ የሚሸከመው ከ50 ኪሎ በታች ነው። ለዚህም ነው ከኦስፕሬይ ሥር የሚወርደው ነፋስ ሰው የሚጥለው፣ አቧራውንም እንደዚያ የሚያስነሳው። ሮተሮቹ ወደ ላይ ሲያዩ ደግሞ የሚወርደው ነፋስ ያንን ወፍራም ክንፍ ከላይ ይመታዋል፤ ከጠቅላላ ግፊቱ አንድ አሥረኛው ያህል እዚያ ይባክናል። ከሮተሩ ትልቅነት የተነሳ ወደ ፊት እንዳየ መንደርደሪያ ላይ ማረፍ አይችልም፤ ብሌዱ መሬት ይመታል። አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ሁለቱን ሮተሮች እንዲያዞር በክንፉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ዘንግ ተዘርግቷል። ይህ ዘንግና የማርሽ ሳጥኖቹ የማሽኑ ሕይወት ናቸው።

ሽግግሩ 12 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍጥነትና የሮተር ዝንባሌ አብረው መሄድ አለባቸው። ሮተሩ ቶሎ ወደ ፊት ካዘነበለ ክንፉ ገና ክብደቱን ሳይቀበል ማሽኑ ይሰጥማል። በፍጥነት እየበሩ ሮተሩን ወደ ላይ ከመለሱት ደግሞ ነፋሱ ሮተሩን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ መተላለፊያ አለች። አብራሪውና ኮምፒውተሩ በእሷ ውስጥ ነው የሚያልፉት።

አሁን ስለ ሞቱት ሰዎች መናገር አለብኝ። ይህን ታሪክ እነሱን ትቶ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 8 ቀን 2000 በአሪዞና፣ ማራና አየር ማረፊያ፣ አንድ ኦስፕሬይ በማታ ልምምድ ላይ ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰ። ተሳፍረው የነበሩት 19 ወታደሮች በሙሉ ሞቱ። ማሽኑ ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ በደቂቃ ከ600 ሜትር በላይ እየወረደ ነበር። ሮተር ወደ ፊት ብዙም ሳይሄድ በፍጥነት ሲወርድ ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ይገባል። አየሩ በብሌዶቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይዞራል፤ የማንሳት ኃይሉ ይጠፋል። በተራ ሄሊኮፕተር ላይ ይህ ሲሆን ማሽኑ ይሰጥማል። ቲልትሮተር ግን ሁለት ሮተር ጎንና ጎን አለው። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አንዱ ድንገት ጉልበቱ ቢከዳው ማለት ነው። ማራና ላይ አንደኛው ሮተር ቀድሞ ከዳ፤ ማሽኑ በጎኑ ተገልብጦ ወደቀ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ሌላ ኦስፕሬይ በሰሜን ካሮላይና ወደቀ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። የሃይድሮሊክ ቱቦ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተፋግቶ አፈሰሰ። ማስጠንቀቂያ መብራት በራ። አብራሪዎቹ በተማሩት መሠረት ሲስተሙን እንደገና የሚያስጀምረውን ቁልፍ ደጋግመው ተጫኑ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ግን ስህተት ነበር፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ሮተሮቹ ያልታዘዙትን ያደርጉ ነበር። ሰዎቹ የተነገራቸውን ነው ያደረጉት። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ በረራ ታገደ፤ ብዙ ነገር ተለወጠ። የሙከራ አብራሪዎች ሆን ብለው ወደዚያ የቀለበት ነፋስ አፋፍ እየሄዱ ድንበሩን ለኩ። ያገኙት መድኃኒት ከማሽኑ ከራሱ የመጣ ነው፦ ሮተሮቹን ለአፍታ ወደ ፊት ማዘንበል። ከመጥፎው አየር ወዲያው ያወጣቸዋል። ተራ ሄሊኮፕተር ይህን ማድረግ አይችልም። ኦስፕሬይ በ2007 አገልግሎት ላይ ዋለ። ታሪኩ ግን አላበቃም። ኅዳር 29 ቀን 2023 በጃፓን፣ ያኩሺማ ደሴት አጠገብ አንዱ ባሕር ላይ ወድቆ 8 ሰዎች ሞቱ። ጥፋቱ የተጀመረው ከአንዱ የማርሽ ሳጥን ነበር።

ቀጣዩ የቤል ማሽን ቪ-280 የተማረው ከዚህ ይመስለኛል። ኦስፕሬይ ላይ ሞተሩ ራሱ ከነቤቱ ይዞራል። ቪ-280 ላይ ሞተሩ አግድም እንደተቀመጠ ይቀራል፤ የሚያዘነብለው ሮተሩና ማርሹ ብቻ ነው። የጋለው ጭስ መሬቱን አያቃጥልም፤ ወታደሮቹም በጎን በር ይወርዳሉ። በታኅሣሥ 2017 በረረ። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ምድር ጦር መረጠው።

በመጨረሻ፣ ሁላችሁም የምትጠብቁት የኤሌክትሪኩ ጉዳይ። ኤሌክትሪክ አንድ ትልቅ ችግር ይፈታል። ዘንግ አያስፈልግም፤ ሽቦ ይበቃል። ስድስት፣ ስምንት ትናንሽ ሞተሮች በፈለጋችሁበት ቦታ ትተክላላችሁ። አንዳንድ አምራቾች፣ እንደ ጆቢ ኩባንያ ያሉት፣ ፕሮፔለሮቻቸውን ከላይ ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ሌሎቹ ለመነሻ ብቻ የሚሆኑ ፕሮፔለሮች ይተክሉና በበረራ ላይ ያቆሟቸዋል። ይህ ሁለተኛው በጣም ቀላል ነው፤ ለትናንሽ ድሮኖች በጣም ተስማምቷል። ሰው ሲጫንበት ግን የቆሙት ሞተሮች ክብደትና የአየር ግጭት ናቸው። የሮቶዳይን ጉዳይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ባትሪው ደግሞ ይጨክናል። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይይዛል። አንድ ኪሎ ጥሩ ባትሪ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ብክነቱ ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠባል፤ ሆኖም አሁንም ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። አየር ላይ የቆሙባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከጉዞው ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ትቀንሳለች። ስለዚህ ስለ እነዚህ ማሽኖች ስታነቡ የምትጠይቁት ስለ ፍጥነታቸው አይሁን። አየር ላይ ስንት ደቂቃ መቆም ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላስ ምን ያህል መጠባበቂያ ይቀራቸዋል ብላችሁ ጠይቁ።

አብራሪዎቹስ? በጥቅምት 2024 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለእነዚህ ማሽኖች የሥልጠናና የበረራ ደንብ አጸደቀ። ከ1940ዎቹ የሄሊኮፕተር ደንብ ወዲህ ለሲቪል አቪዬሽን አዲስ ዓይነት አየር በራሪ ሲጨመር የመጀመሪያው ነው። ፈቃዱም ከአውሮፕላንም ከሄሊኮፕተርም የተለየ ነው። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሄሊኮፕተር አብራሪ ጉልበት ሲፈልግ ግራ እጁ ማንሻውን ወደ ላይ ይስባል። የአውሮፕላን አብራሪ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል። ኦስፕሬይ ላይ ወደ ፊት መግፋት ተመረጠ፤ ሮተሮቹን የሚያዘነብለው ትንሽ መሽከርከሪያም እዚያው አውራ ጣት ሥር ተቀመጠ። ሁለት ሺህ ሰዓት በሄሊኮፕተር የበረረ ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው በለመደው አቅጣጫ ነው። እያንዳንዱ አዲስ አምራች ይህን ምርጫ እንደገና ማድረግ አለበት፤ አብዛኞቹም ኮምፒውተሩ በአብራሪው ፋንታ እንዲያስብ እየመረጡ ነው። ይህ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ሐሳባችሁን መስማት እፈልጋለሁ፤ ማይኩ መሃል ላይ አለ።